ባቡሩ የእኛ ነው፤ ጣቢያውስ?

ክቡር አዘጋጅ፦

ባቡር በመንግሥት እጅ ይሁን የሚለውን ሐሳብ እደግፋለሁ፤ ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 ለ99 ዓመት የሰጡት የባቡር ሥራ ፈቃድ የውጭ ባለአክሲዮኖችና የኃያላን መንግሥታት መሻኮቻ መሆኑን የሚያስታውስ ሰው (ለገሀር የሚለው የአሮጌው ጣቢያ ስም ራሱ ከፈረንሳይኛ የቀረ ነው) በቀላሉ ይስማማል። ይሁን እንጂ ኢትዮጵያ 75፣ ጅቡቲ 25 በመቶ ድርሻ የያዙበት አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር መስመር፣ በ2016 ዓ.ም. አስተዳደሩም ከቻይና ኩባንያዎች ወደ ሁለቱ አገሮች እጅ ተዛውሮ ሳለ፣ አዲስ አበባ ላይ የሚነሣው ከከተማው ዳር ከለቡ ነው። አሮጌው ባቡር ከመሀል ከተማ፣ ከአንበሳው ሐውልት አጠገብ ይነሣ ነበር፤ የዛሬው የድሬዳዋ መንገደኛ ግን ሻንጣና ሕፃን ይዞ በማለዳ ታክሲ ፍለጋ ይወጣል። ባለቤቱ መንግሥት ከሆነ ዘንድ፣ ከባቡሩ ሰዓት ጋር የተናበበ አውቶቡስ ከለገሀር ለቡ ድረስ ይመድብልን።

አንድ አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ