ውኃ የለም አልኩ እንጂ «ውስንነት» አላልኩም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ባለፈው ሳምንት ስለ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብኩት። «አንዳንድ ነዋሪዎች በአካባቢው የውኃ አቅርቦት ውስንነት መኖሩን ጠቁመዋል» ይላል። ከእነዚያ «አንዳንድ ነዋሪዎች» አንዷ እኔ ነኝ። አልጠቆምኩም። ጮኼ ነው የተናገርኩት፤ ጋዜጠኛችሁ መቅጃውን ከአፌ እስኪያርቅ ድረስ። «እናት፣ ችግራችሁ ምንድን ነው?» አለኝ። «ውኃ የለም ልጄ፣ ዛሬ 12 ቀናችን ነው» አልኩት። «ውስንነት» የሚባል ቃል እንኳን ያን ቀን በዕድሜዬም ከአፌ ወጥቶ አያውቅ።

ውስንነት ማለት እኮ ትንሽም ቢሆን አለ ማለት ነው። እኛ ጋ ቧንቧው ሲከፈት የሚወጣው ፉጨት ነው። አንድ ጀሪካን በ30 ብር እንገዛለን፤ አራተኛ ፎቅ ድረስ የሚያወጣልን ልጅ ደግሞ ለብቻው ይከፈለዋል። ጋዜጠኛችሁ ደረጃው ሥር የቆመው በተደረደሩ ቢጫ ጀሪካኖች መሀል ነበር። የቤት ቁጥሬ የተጻፈበትን አንዱን በእግሩ ገፋ ቢያደርገው ባዶ መሆኑን ከድምፁ ያውቅ ነበር። ከተማውን የሚያጠጣው የለገዳዲ ግድብ እኮ ከፒያሳ ይልቅ ለእኛ ነው የሚቀርበው!

ቃል ማለስለስ ሁሉ ክፉ ነው እያልኩ አይደለም። ታናሽ ወንድሜ አይሰማም። ልጅ ሳለን ሰፈሩ ሁሉ «ደንቆሮ» ይለው ነበር። ያው እንደምታውቁት ቃሉ ለማያውቅ ሰውም ስድብ ነው፤ ወንድሜ ግን በሒሳብ ሁላችንንም ያስከነዳ ነበር። «መስማት የተሳነው» መባል ሲጀምር ደስ አለኝ። ወንድሜን ከስድብ አወጣው፤ አለመስማቱንም አልደበቀም። የእናንተ «ውስንነት» ማንን ከስድብ ሊያወጣ ነው? ቧንቧውን? ወይስ ቧንቧው አፍሮ ይሆን?

በ1966 ዓ.ም. ገደማ ወሎ ላይ ሕዝብ በረሃብ ሲያልቅ መንግሥት ወሬውን ሸፋፍኖት ነበር። ዛሬ ረሃብ «የምግብ ዋስትና ችግር»፣ ጭማሪ ደግሞ «የዋጋ ማስተካከያ» ሆኗል። ጎረቤቴ የታክሲ ረዳት ሒሳብ ሲያንርባት «ጨመርክ ወይስ አስተካከልክ?» ትለዋለች። ረዳቱ ግን የዋህ ነው፣ «ጨመርኩ» ይላል።

የሚያናድደኝ ይህ ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩ። ከዘገባው በኋላ የብሎካችን ኮሚቴ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ማመልከቻ አረቀቀ። ሳነበው «ያለብንን የውኃ ውስንነት» ይላል። የእኛው ሰው፣ እኔ ጋ ጀሪካን የሚበደር ሰው! «ለምን 'የለም' አትልም?» ብለው፣ «እትዬ፣ እንዲህ ሲባል ጨዋ ይመስላል፤ ጋዜጣውም እንደዚያ ነው ያለው» አለኝ። ማመልከቻው ሄደ። መልሱ በሦስተኛው ቀን መጣ፦ «ውስንነቱ በሁሉም ክፍለ ከተማ ያለ በመሆኑ በትዕግሥት እንድትጠብቁ።» ምን ይባላል? የጠየቅነውን መለሱልን።

ስለዚህ እርማት እንድታወጡ እጠይቃለሁ። ሁለት ቃል ስለሆነ ቦታ አይሻማባችሁም፦ ውኃ የለም።

በነገራችን ላይ ትናንት ሌሊት 9 ሰዓት ላይ መጥቶ ነበር። ሁለት ባልዲ ሞልቼ ሦስተኛው ሳይጋመስ ሄደ። እሱን «ውስንነት» ብትሉት ቅር አይለኝም።

አንዷ «አንዳንድ ነዋሪ»
ከየካ አባዶ