የማይክሮፎን ገመድ ስታሠሩ መሣሪያውን አብራችሁ እንድታመጡ ስለምንጠይቅበት ምክንያት

ለክቡራን ደንበኞቻችን
ደሴ

የስቴሪዮ (ግራና ቀኝን ለየብቻ የሚቀዳ) ማይክሮፎን ገመድ ጃክ ልታስቀይሩ ስትመጡ፣ ገመዱ የሚሰካበትን መቅረጫ፣ ካሜራ ወይም ሚክሰር ይዛችሁ እንድትመጡ፣ ካልተቻለም የመሰኪያውን ፎቶ እንድታሳዩን መጠየቅ ጀምረናል። ይህ ከሐይቅ፣ ከኮምቦልቻና ከወልድያ ለሚመጡ ደንበኞቻችን ተጨማሪ ሸክም መሆኑን ስለምንረዳ ምክንያቱን በጽሑፍ ማስረዳት ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

በስቴሪዮ ማይክሮፎን ገመድ ውስጥ ሁለት የተሸፈኑ ሽቦዎችና በዙሪያቸው የተጠመጠመ እርቃኑን የሆነ የመዳብ ሽቦ ይገኛሉ። በ3.5 ሚሊ ሜትር ጃክ ላይ የግራው ሽቦ ከጫፉ፣ የቀኙ ከመካከለኛው ቀለበት፣ እርቃኑ መዳብ ደግሞ ግራውንድ (የሁለቱም የጋራ መመለሻ) ከሆነው ከኋለኛው ግንድ ጋር ይበየዳል። ብዙ ጊዜ ቀዩ ሽቦ የቀኝ ነው፤ ነገር ግን ሁሉም ፋብሪካ ይህን ስለማይከተል ቀለም አይተን አንበይድም፣ በቴስተር (ሽቦ መገናኘቱን በድምፅ በሚያሳውቅ መለኪያ) እንለያለን። ግራና ቀኝ ቢቀያየር መሣሪያ አይጎዳም፤ በቪዲዮ ላይ በግራ የተቀመጠው ማሲንቆ ተጫዋች ከቀኝ መሰማቱ ግን ለተመልካች ግራ ያጋባል።

ዋናው ችግር የሚነሳው ይኸው ገመድ በመለወጫ ከሚክሰር ባለ6.35 ሚሊ ሜትር መሰኪያ ጋር ሲገናኝ ነው። በሚክሰሩ ባላንስድ መግቢያ ላይም ሦስት መገናኛዎች ስላሉ ጃኩ በትክክል ይገባል፤ ሆኖም ሚክሰሩ በጫፉና በቀለበቱ የሚጠብቀው ግራና ቀኝን ሳይሆን አንድን ድምፅ ቀጥታና ተገልብጦ ነው። ሁለቱን አቀናንሶ ልዩነቱን ብቻ ያሳልፋል፤ በረጅም ገመድ ላይ የሚገባውን ጥዝታ የሚያጠፋውም በዚህ ዘዴ ነው። ስቴሪዮ ማይክሮፎን ሲገባበት ግን የሚቀነሰው ቀኙ ከግራው ይሆናል። መንዙማ ሲቀረጽ መሪው ከማይክሮፎኑ ፊት ለፊት መሐል ላይ ከተቀመጠ ድምፁ በሁለቱም ሽቦዎች እኩል ስለሚደርስ ይጠፋል ወይም ቀጥኖ ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል፤ በጎንና በጎን ያሉት ተቀባዮች፣ ከበሮውና ጭብጨባው ግን ይሰማሉ። «ማይክሮፎኑ ተበላሽቷል» ተብሎ ወደ እኛ የሚመጣው ዕቃ ብዙ ጊዜ ጤነኛ ነው።

ለሚክሰር የሚሆነው አሠራር ገመዱን ለሁለት ከፍሎ የግራውን በአንድ ሞኖ (አንድ ድምፅ ብቻ የሚያሳልፍ) ጃክ፣ የቀኙን በሌላ ሞኖ ጃክ ጫፍ ላይ መበየድና ግራውንዱን ለሁለቱም ማካፈል ነው። እዚህ ላይ ኃይሉም ይታሰብበት፤ ባትሪ የሌላቸው ትናንሽ ማይክሮፎኖች የሚሠሩት መቅረጫው ወይም ካሜራው በዚያው ገመድ በሚልክላቸው ጥቂት ቮልት ስለሆነ፣ ይህን ከማይሰጥ መግቢያ ጋር ቢገናኙ ዝም ይላሉ። ሚክሰሩ ለሌላ ዓይነት ማይክሮፎኖች የሚልከው 48 ቮልት ደግሞ ለእነርሱ የታሰበ አይደለም፤ ያለ መከላከያ ከደረሰባቸው ሊያቃጥላቸው ይችላል።

የስልክ መሰኪያ ሌላ ነው። ባለአራት መገናኛ ሲሆን የማይክሮፎን መግቢያው አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ጃኩን እንዴትም ብንበይደው በእርሱ ስቴሪዮ መቅዳት አይቻልም።

ቤታችሁ ለምትበይዱ ደግሞ ጥቂት ነገር እንጨምር። የጃኩን ሽፋን አስቀድማችሁ በገመዱ ላይ አስገቡ፤ ይህን የረሳ ሰው ያማረ ብየዳውን መልሶ ይፈታል። ካውያው የጃኩን እግር ያሙቅ እንጂ ሊዱን (የሚቀልጠውን የብየዳ ሽቦ) ብቻ አያቅልጥ፤ ነገር ግን ብዙ ከቆየ በመገናኛዎቹ መካከል ያለው ፕላስቲክ ይለሰልስና ጫፉ ከቦታው ይንሸራተታል። ስለዚህ ጃኩን በማያገለግል አሮጌ መሰኪያ ውስጥ ሰክቶ መበየድ ይመረጣል፤ ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል፣ ሙቀቱንም ይጋራዋል። በአንዳንድ ቀጫጭን ገመዶች ውስጥ ያሉት ቀይና አረንጓዴ የሚያብረቀርቁ ክሮች በቫርኒሽ የተቀቡ ስለሆኑ ቅቡ ካልተፋቀ ወይም በካውያ ካልተቃጠለ ሊድ አይዝላቸውም። ከግራውንዱ ያመለጠች አንዲት ክር ጫፉን ከነካች የግራው ድምፅ በሙሉ ይጠፋልና ክሮቹን አጥብቃችሁ ግመዷቸው። ሽፋኑን ከመግጠማችሁ በፊት በቴስተር ስትፈትሹ እያንዳንዱን መገናኛ ከራሱ ሽቦ ጋር ስትነኩ ቴስተሩ መጮህ አለበት፤ ጫፉንና ቀለበቱን ስትነኩ ከጮኸ ግን ብየዳው ተነካክቷል። ይህን ፍተሻ ማይክሮፎኑ በሌላኛው ጫፍ ከመበየዱ በፊት ብታደርጉት ውጤቱ አያሳስታችሁም።

መሣሪያውን ማምጣት ለማይመቻችሁ፣ ከጀርባው ወይም ከሥሩ የተጻፈውን የሞዴል ስምና ቁጥር፣ በመሰኪያው አጠገብ ካለው ጽሑፍ ጋር ገልብጣችሁ ብትልኩልን ይበቃናል።

ከአክብሮት ጋር
የጥገና ክፍሉ