የሙዚቃ ክበብ፦ ከአንድ አልበም ጋር የከረምንበት ዓመት

ዓመቱን ሙሉ ከወላጆች የሰማሁት ጥያቄ አንድ ነው። «የአማርኛ ትምህርት ቤት ውስጥ ሮክ ምን ይሠራል?» እዚሁ ልመልሰው። ልጆቻችን ሲያትል ነው የተወለዱት። አልበሙም የተቀዳው እዚሁ አፍንጫችን ሥር፣ ሾርላይን ባለው ለንደን ብሪጅ ስቱዲዮ ነው። ስለሚያውቁት ሰፈር ጻፉ ሲባሉ በአማርኛ ለመጻፍ አይለግሙም። ደግሞ ትዝታንም ባቲንም አልተውንም፤ ክራሩ በየሳምንቱ ይወጣል።

አልበሙ «ቴምፕል ኦፍ ዘ ዶግ» ይባላል፣ የባንዱም ስም ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 1990 ላይ ማዘር ላቭ ቦን የሚባለው የሲያትል ሮክ ባንድ ድምፃዊ አንድሩ ውድ በሄሮይን ምክንያት በ24 ዓመቱ አረፈ። ከእሱ ጋር አንድ ቤት ይኖር የነበረው የሌላው የሲያትል ባንድ፣ የሳውንድጋርደን ድምፃዊ ክሪስ ኮርኔል ሐዘኑ አልወጣለት ሲል ሁለት ዘፈን ጻፈለት። ከዚያ የሟቹን የባንድ ጓደኞች፣ ስቶን ጎሳርድንና ጄፍ አሜንትን ጠራ። ከበሮ ላይ ማት ካሜሮን፣ ጊታር ላይ ማይክ ማክሪዲ ተጨመሩ። በሁለት ዘፈን የተጀመረው ነገር ዐሥር ሆነ። ቀረጻው በዓመቱ መጨረሻ ላይ በ15 ቀን ግድም አለቀ።

ይህን ስነግራቸው አንዷ «እንዴ፣ ሙሾ ነው እኮ!» አለች። ሙሾን ከመጽሐፍ ሳስተምር ዝም ብለው ያዩኝ የነበሩ ልጆች ናቸው። ስለ ሄሮይንም በግልጽ አውርተናል። ቅር ያላችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ግን ከሌላ ቦታ ከሚሰሙት ከእኛ ቢሰሙት ይሻላል።

ስብሰባዎቹ እንደ ወትሮው ናቸው፦ ቅዳሜ ከፊደል ክፍል በኋላ ልምምድ፣ እንቁጣጣሽና ገና ላይ ዝግጅት። ክረምቱ ላይ ክፍል አጥተን ኮሪደር ላይ ስንለማመድ ጥቂት ልጆች ቀሩብን።

ስለ ዲስከቨሪ ፓርኩ ጉዞ ግን ሳልናገር አላልፍም። ከአልበሙ ዘፈኖች የአንዱ፣ የ«ሀንገር ስትራይክ» ቪዲዮ ክሊፕ የተቀረጸው እዚያ፣ ሲያትል ውስጥ ነው። መግቢያ ስለማይከፈልበት በአውቶቡስ ሄድን። ከመሄዳችን በፊት የዘፈኑን ታሪክ ነግሬያቸው ነበር። ኮርኔል ልምምድ ላይ ቀጭኑንም ወፍራሙንም ድምፅ ብቻውን ለማዳረስ ሲቸገር፣ ከሳንዲዬጎ የመጣ ኤዲ ቬደር የሚባል ገና ስም ያላወጣ ልጅ ወደ ማይኩ ጠጋ ብሎ ወፍራሙን ያዘለት።

ሰባተኛ ክፍል የሆነ አንድ ልጅ አለን፤ ድምፁ መጎርነን ከጀመረ ወዲህ መዝፈን አቁሞ ዕቃ ብቻ ይሸከምልን ነበር። ነጩ የመርከብ መብራት ማማ አጠገብ፣ ነፋሱ እያንገላታን፣ ልጆቹ ዘፈኑን ጀመሩ። ቀጭኑን የምትይዘው ልጅ ወፍራሙ ጋ ስትደርስ ድምፅዋ ጠፋ። ያኔ ከኋላችን ሌላ ድምፅ ተነሣ። እሱ ነው! ፊቱን ወደ ባሕሩ አዙሮ፣ እጁን ጃኬቱ ኪስ ውስጥ እንደከተተ፣ ማንም ሳይጠይቀው ያዘላት። ካየሁት ያቆማል ብዬ ዞር ሳልል ቀረሁ። ሲጨርሱ እንባዬ መጥቶ ነበር። በአውቶቡስ ስንመለስ የትዝታን ግጥም ጻፉልኝ አለ፤ ከዚያ ወዲህ ማይኩን አልለቀቀም።

አልበሙ በ1991 ሲወጣ ብዙም አልተሸጠም። በዓመቱ እነቬደር ያሉበት ፐርል ጃምና ሳውንድጋርደን ስማቸው ሲገን አሳታሚው እንደገና አወጣውና ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሄደ። ሁለተኛ አልበም አልሠሩም። አብረው ኮንሰርት የዞሩት በ2016፣ በ25ኛ ዓመቱ ነው፤ በቀጣዩ ሜይ ኮርኔል ሞተ። የነሐስ ሐውልቱ እዚሁ ስፔስ ኒድል አጠገብ፣ የፖፕ ባህል ሙዚየም ደጅ ቆሟል። እሱን አይተን ተመለስን። ወደ ውስጥ ለመግባት የትኬት ገንዘብ አልነበረንም። ለአዳራሽ ማስጌጫ የሚገኝ ገንዘብ ለልጆች መግቢያ እንዴት እንደሚጠፋ ኮሚቴው ቢያስብበት ደስ ይለኛል።

ከጊታሮቻችን የአንዱ መቃኛ ተሰብሯል። ቤዝ የለንም፤ ቤዙን የምትጫወተው ልጅ በተራ ጊታር ወፍራም ክሮች ነው የምትታገለው። ለመጪው ዓመት ትዝታን በሁለት ድምፅ ለማቅረብ ጀምረናል። ለዚህ ቤዝ ጊታር፣ ትንሽ አምፕሊፋየርና የክራር ክር ያስፈልገናል። ቤታችሁ ጥግ ላይ አቧራ የሚጠጣ ጊታር ካለ፣ ቢሰበርም እንጠግነዋለን፣ ቅዳሜ ልጆቹን ስታመጡ ይዛችሁልን ኑ።