«አረብ ሀገር ገባች» ላሉሽ ጎረቤቶች

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት አደረገሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፣ ስራውንም ለምጄዋለሁ።

ጎረቤቶችሽ «ልጅሽ አረብ ሀገር ገባች አሉ» እያሉ እንቅልፍ እንደነሱሽ ሰማሁ። አልፈርድባቸውም። በሰፈራችን አረብ ሀገር ማለት ቤሩት ነው፣ ሪያድ ነው፣ ፓስፖርቷን ተቀምታ ሰው ቤት የቀረች ልጅ ነው። ሞሮኮ ግን ሌላ ናት። የቤቴ ቁልፍ በእጄ ነው፣ ቢሮ ገብቼ እወጣለሁ፣ ቅዳሜ ገበያ ወርጄ ተከራክሬ እገዛለሁ።

ደግሞ «በረሃውን እንዴት ቻልሽው» ትይኛለሽ። የቱን በረሃ? ሰሃራው ከኔ ሩቅ ነው። የምኖርባት ዋና ከተማቸው ራባት አትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር ናት፤ ክረምቱ ሲገባ እርጥበቱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል፣ ቤቴ ማሞቂያ የለውም፣ የሰጠሽኝን ጋቢ ደርቤ ነው የምተኛው። አትላስ ተራራ ላይማ በረዶ ይጥላል። ትልቁ ጫፍ ቱብካል 4,167 ሜትር ነው፣ ከራስ ዳሸን ያንሳልና አይክፋሽ።

ሕዝቡ 37 ሚሊዮን ገደማ ነው። ንጉሥ አላቸው፣ መሐመድ ስድስተኛ፣ ከ1999 ጀምሮ (ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምጽፍልሽ)። በ1956 ከፈረንሳይ ነጻ ቢወጡም ፈረንሳይኛው አልለቀቃቸውም፣ ቢሮ ውስጥ ደብዳቤው ሁሉ በሱ ነው።

ለጎረቤቶችሽ መንገር ያለብሽ ግን አማዚጎችን ነው። አረብ ከመምጣቱ በፊት አገሩ የነሱ ነበር፣ ቋንቋቸውም ዛሬ ድረስ ይነገራል። እንደኛ የራሳቸው ፊደል አላቸው፣ ቲፊናግ ይሉታል፣ ክብና መስቀል መሳይ ምልክት የበዛበት ነው፤ ቋንቋቸው በ2011 በሕገ መንግሥቱ ከአረብኛ ጎን ገብቶ አሁን በየመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ተጽፎ ታዪዋለሽ። ዘመን መለወጫቸው ከጥምቀት ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ነው፣ ከ2024 ወዲህ ሥራ ዝግ ሆኖ ይከበራል። አቆጣጠራቸው ከፈረንጁ በ950 ዓመት ይቀድማል! እኛን ወደኋላ ቀራችሁ የሚል ሁሉ እዚህ መጥቶ ይቁጠር።

አርብ አርብ ኩስኩስ ነው። ከስንዴ የተፈተፈተ ደቃቅ ነገር ነው፣ በሚፈላው ወጥ እንፋሎት ደጋግመው ያበስሉታል፣ ላዩ ላይ ዱባ፣ ካሮት፣ ጥቅል ጎመን፣ ሽንብራና ሥጋ ይከመራል። ሁሉም ከአንድ ትልቅ ሳህን ይበላል፣ ከፊት ለፊቱ ካለው ብቻ፣ የሰው ፊት መድረስ ነውር ነው። የፎቁ ጎረቤቴ የመጀመሪያውን አርብ የበግ ሥጋ ተሸክማ በሬን አንኳኳች። እኔ ደግሞ ጾም። ግራ ገባኝ። ረቡዕና አርብ እንደምንጾም በተሰባበረ ፈረንሳይኛ ሳስረዳት ሳህኑን ይዛ ተመለሰች፤ ተቀየመች ብዬ ስጨነቅ አትክልቱን ብቻ በሌላ ሳህን ይዛ መጣች። ከዚያ ወዲህ የኔ ድርሻ ለብቻው ይወጣል። ወጡ ከሥጋው ጋር የበሰለ መሆኑን ግን ለንስሐ አባቴ እንዳትነግሪብኝ።

ሁሉም ማር ነው አልልሽም። ወደ ስፔን ለመሻገር የሚጠባበቁ ጥቁር ልጆች ብዙ ናቸው፣ እነሱን የሚሰድብ አለ፣ ቤት አላከራይም የሚልም አለ። እኔንም ታክሲ ውስጥ ሴኔጋላዊት ነሽ ይሉኛል። ኢትዮጵያዊት ነኝ ስል ወሬው ወደ ሩጫ ይዞራል፣ ወዲያው ሂሻም ኤል ጌሩዥን ያነሱብኛል። አስታወስሽው? አቴንስ ላይ በ2004፣ 1,500ውን ወስዶ አልበቃው ብሎ 5,000ውን ከቀነኒሳ የነጠቀን፣ አንቺ «ምን አለ አንዱን ቢተውልን» ያልሽለት። እዚህ እንደ ጻድቅ ነው የሚያዩት።

ስትደውይ ሰዓቱን አትርሺ። ከናንተ በ2 ሰዓት ወደኋላ ነን፣ ረመዳን ሲገባ ደግሞ ሰዓታቸውን ስለሚመልሱት 3 ይሆናል። ባለፈው ከሌሊቱ አስር ሰዓት ላይ ደውለሽ ክው አድርገሽኛል። መድኃኒትሽንም አታቋርጪ።

ልጅሽ