ጠጁን ማን ጣለው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

በቅርቡ በመጻሕፍት ዓምዳችሁ የመኳንንት ልጆች ስለ ዘመዶቻቸውና ስለ ወዳጆቻቸው የጻፏቸውን መጻሕፍት አወድሳችኋል። ሲያንሳቸው ነው። እኔም እንዲህ ያለ መጽሐፍ ከያዝኩ ራት ይረሳኛል። ደሴ ተወልጄ፣ እዚሁ አስተምሬ፣ እዚሁ ጡረታ ወጥቻለሁ። የንጉሥ ሚካኤል ዘመዶች ወሬ ለእኔ የጎረቤት ወሬ ነው። አንድ ነገር ግን ዘላችኋል።

እነዚህ ሰዎች ባይጽፉ ኖሮ የሚተርፈን ሹመትና ጦርነት ብቻ ነበር። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ሰገሌ ላይ ጦርነት ሆነ፣ ንጉሥ ሚካኤል ተማረኩ፣ አለቀ። ሹሙ ሲቆጣ ምን እንደሚመስል፣ ከማን ጋር ሲሆን እንደሚስቅ የሚነግረን ቤቱ ውስጥ ያደገ ሰው ነው። ራስ እምሩ «ካየሁትና ከማስታውሰው» ብለው ማስታወሻቸውን ትተውልናል። ሐረር ላይ ከዘመዳቸው ከተፈሪ ጋር ያደጉ፣ ወሎንም ጎጃምንም ያስተዳደሩ፣ ጣሊያን አገር ታስረው የከረሙ ሰው ናቸው። የእሳቸውን ዓይን ከየት እናመጣ ነበር?

ደግሞ ከነዚህ መጻሕፍት አንዳንዶቹ በሰው አገር፣ በሰው ቋንቋ የተጻፉ ናቸው። የደጃዝማች ናሲቡ ልጅ ማርታ ናሲቡ በጣሊያንኛ ጻፉ። ልጅ አስፋወሰን አሥራተ በጀርመንኛ። የእኛን እልፍኝ ወሬ ፈረንጅ ቀድሞን ማንበቡ ትንሽ ያናድደኛል። ግን ምን ይደረግ? የአስፋወሰን አባት ራስ አሥራተ ካሳ ኅዳር 14 ቀን 1967 ከተረሸኑት ባለሥልጣናት አንዱ ናቸው። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ትርፍ ቤት ተወረሰ። በየቤቱ የነበረው ፎቶና ደብዳቤ የትም ተበተነ። ይህ የደረሰበት ሰው የአክስቱን መልክ ከልቡ አውጥቶ ሲጽፍ አሳምሮ ቢጽፍ አልፈርድበትም።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። እጄ የገባ አንድ እንዲህ ያለ መጽሐፍ አለ። የጸሐፊውንም የመጽሐፉንም ስም አልጠራም። ቤተሰቡ ዛሬም አለ፤ ለቅሶም ሰርግም እንገናኛለን። ጸሐፊው ደሴ የነበሩ አክስታቸውን ቁጭ ብለው ስለዋቸዋል። ወይዘሮዋ የቁልፍ ዘለላቸውን ከመቀነታቸው አይፈቱም። ጠዋት ቁልፉ ሲንቃጨል ልጆቹ ማር ሊቀምሱ ከአልጋ ዘለው ይወርዳሉ። ይህን ሳነብ ሳቅሁ፤ ደስ ይላል። ቀጥሎ ደግሞ «እንደ እሳቸው ጠጅ የሚጥል በአገሩ አልነበረም» ይላል።

ያን ጠጅ ስትጥል የኖረችው አያቴ ናት።

የዚያ ቤት ጠጅ ጣይ ነበረች። ጋኑን በግራዋ አጥባ፣ በወይራ አጥና፣ ራሷን አፉ ውስጥ አስገብታ ታሸታለች። ሽታው ካልጣማት እንደገና ነው። ማር አንድ እጅ፣ ውሃ ሦስት እጅ። ውሃው ከጦሳ ተራራ ሥር ከምንጭ በእንስራ ይመጣል፤ በማን ጀርባ እንደሚመጣ መቼም ታውቃላችሁ። ብርዙ ሁለት ሦስት ቀን ከተቀመጠ በኋላ ጌሾው ይገባል። ጌሾው ከዘገየ ይጣፍጣል እንጂ አይመታም፤ ከበዛ ይመራል። ይህን የምትለካው በምላሷ ነው። በዚያ ላይ የወሎ ግብር ስለሆነ ለእስላሙ እንግዳ ያልፈላ ብርዝ ለብቻ ይቀመጣል። የሁለቱ ማንቆርቆሪያ ቢቀያየር የሚመጣውን ጣጣ ስትነግረን እየሳቀች ነበር። ያኔ ግን አልሳቀችም ይሆናል።

ስለዚያ ቁልፍም ነግራናለች። የማር ጓዳው ቁልፍ ነው። ሲንቃጨል ከሰማች ከተቀመጠችበት ብድግ ትላለች፤ ማሩ ሊለካ ነው፣ የጎደለ ካለ ተጠያቂዋ እሷ ናት። ያው ቁልፍ፣ ያው ጠዋት ነው። ልጁ ማር ሊቀምስ ይሮጣል፣ አያቴ በልቧ ማሩን ትቆጥራለች።

«እሜቴ ክፉ ነበሩ እንዴ?» ብዬ ጠይቄያት አውቃለሁ።

«ኧረ ወዲያ! ደግ ነበሩ» አለችኝ። «ደግነታቸውም እንደ ማሩ ጓዳ ቁልፍ ነበረው እንጂ።»

ጸሐፊው ዋሹ አላልኩም። ልጅ ነበሩ። ልጅ እልፍኝ ተቀምጦ ብርሌውን ያያል፣ ጋኑን አያይም። የዓምዳችሁ ጸሐፊ ግን ልጅ አይደለም። ከአሳላፊው፣ ከጋጋሪዋ፣ ከጋሻ ጃግሬው ስንቱ በስሙ ተጠራ ብሎ አንዴ እንኳ ቢጠይቅ ምን ነበረበት? እዚህ ደሴ የድሮውን ግብር ቤት፣ አይጠየፍ አዳራሽን ሊያይ የሚመጣው እንግዳም ያው ነው። ንጉሥ ሚካኤል ስንት ሰው ያበሉ እንደነበር ይጠይቃል። እንጀራውን ማን ጋገረው ያለ ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

ስለዚህ አንድ ልመና አለኝ። በነዚህ መጻሕፍት መሐል ፎቶ አይጠፋም። ወይዘሮዋ ወንበር ላይ፣ ልጆቹ ከእግራቸው ሥር፣ ከኋላ ደግሞ የቆሙ ሰዎች። ከሥሩ «ከቤቱ አሽከሮች ጋር» ተብሎ ይታለፋል። እኔ ባየሁት ፎቶ ላይ ከኋላ ከቆሙት ሁለቱን እናቴ ከነአባታቸው ስም ታውቃቸዋለች። በደሴም፣ በሐይቅም፣ በወረኢሉም እንዲህ የሚያውቁ አዛውንቶች አሉ። ባለቤቶቹን አስፈቅዳችሁ ፎቶዎቹን በየእትሙ አንድ አንድ ብታወጡና «እነዚህን ሰዎች የሚያውቅ ይጻፍልን» ብትሉ ወጪው ያን ያህል አይደለም። የሚመጣውን ስም የመጽሐፉ ወራሾች በሚቀጥለው እትም ቢጨምሩት ደግሞ ለእነሱም ክብር ነው።

ስታትሙ ፎቶውን ሰፋ አድርጉት። እንደ ቴምብር አሳንሳችሁ ጥግ ላይ ካስቀመጣችሁት የእናቴ መነጽር አይችለውም።

ከአክብሮት ጋር
ጡረተኛ መምህርት፣ ከደሴ