የልጆች ግጥምና ግራፊክ ኖቭል ለዩኒቨርሲቲ አይመጥኑም?

ለአዘጋጁ፤

ባለፈው ሳምንት በአስተያየት ገጻችሁ የወጣውን ጽሑፍ አንብቤ ዝም ማለት አቃተኝ። የልጆች ግጥምና ግራፊክ ኖቭል (በተከታታይ ሥዕሎችና በጽሑፍ የሚተረክ መጽሐፍ) በዩኒቨርሲቲ የሥነ ጽሑፍ ኮርስ ይካተቱ መባሉ ጸሐፊውን አናዷቸዋል። የመዋዕለ ሕፃናት ሥራ ነው ባይ ናቸው። እኔ ሥነ ጽሑፍ አስተምራለሁ። በኔ እይታ እነዚህን ማስተማር ከረጅም ልቦለድ ቢከብድ እንጂ አይቀልም።

ሆያ ሆዬን እንውሰድ። ሁላችንም በቃላችን ስለምናውቀው ጠጋ ብለን አይተነው አናውቅም።

እዚያ ማዶ ጭስ ይጨሳል፣
አጋፋሪ ይደግሳል፣
ያችን ድግስ ውጬ ውጬ፣
ከድንክ አልጋ ተገልብጬ፣
ያቺ ድንክ አልጋ አመለኛ፣
ያለ አንድ ሰው አታስተኛ።

ሁለት ሁለቱ መስመር ቤት ይመታል። ይሄ ቀላሉ ነው። «ይደግሳል» ብሎ ያቆመው ግን «ያችን ድግስ» ብሎ ይነሳል። «ከድንክ አልጋ» ያለው «ያቺ ድንክ አልጋ» ብሎ ይቀጥላል። አውራጁ ወረቀት አልያዘም፤ የሚቀጥለውን መስመር የሚያስታውሰው ያለፈው መስመር ነው። ታሪኩም ሙሉ ነው። ጭስ ከሩቅ ታየ፣ ድግስ ተገኘ፣ ተበላ፣ አልጋ ላይ ተወደቀ። (የመጨረሻዋን መስመር ልጆቹ ምን እያሉ እንደሆነ ያውቁ ይሆን? እንጃ። አባወራው ግን ፈገግ ብሎ ይሰጣል።)

አበባየሆሽ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ልጃገረዶቹ በእንቁጣጣሽ ደጃፋችን ቆመው «እንኳን ቤትና የለኝም አጥር፣ እደጅ አድራለሁ ኮከብ ስቆጥር» ይላሉ። በዓመቱ መጀመሪያ፣ በደስታ ቀን፣ ቤት አልባነት ነው የሚዘፈነው። ተቀባዮቹ ግን በየሐረጉ «ለምለም» ይላሉ። የለኝም አጥር፣ ለምለም። አዝማቹ አውራጇን እያጽናናት ነው ወይስ አልሰማትም? ይህን ጥያቄ ክፍል ውስጥ ባነሳሁ ቁጥር ሰዓቱ አይበቃም።

ወደ ግራፊክ ኖቭል ልምጣ። ጸሐፊው የውጭ ፋሽን ነው ብለውታል። እስቲ ቸርችል ጎዳና ካሉት የስጦታ ዕቃ ሱቆች ወደ አንዱ ጎራ ይበሉ። የንግሥተ ሳባ ታሪክ፣ ብዙ ጊዜ በ44 ሣጥን ተከፋፍሎ የተሣለው፣ ግድግዳ ላይ አለ። ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል። በአንዱ ሣጥን ንግሥቲቱ ቅመም የበዛበት ግብር ትበላለች። በሌላው ሌሊት ውኃ ጠምቷት ትጠጣለች። ወረድ ሲሉ ምኒልክ ተወልዷል። ከሣጥን ሣጥን ያለውን ክፍተት የሚሞላው ተመልካቹ ነው። የግራፊክ ኖቭልም ጥበብ እዚያው ክፍተት ላይ ነው ያለው። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችን ደግሞ ጻድቁን ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ፣ ክፉውን በጎን በአንድ ዓይኑ ይሥሉታል። ገጸ ባሕርይ አሣሣል ከዚህ በላይ ምን አለ?

የውጭውም ቢሆን የዋዛ አይደለም። አሜሪካዊው የካርቱን ሠዓሊ አርት ስፒገልማን አባቱ በናዚ ዘመን ያዩትን መከራ፣ አይሁዶቹን በአይጥ ጀርመኖቹን በድመት መስሎ የተረከበት «ማውስ» እ.ኤ.አ. በ1992 ልዩ የፑሊትዘር ሽልማት አግኝቷል።

ተመራቂዎቻችንስ የት ነው የሚሄዱት? ብዙዎቹ ያስተምራሉ፣ መጽሐፍ ያርማሉ፣ አንዳንዶቹም ለልጆች ይጽፋሉ። በቅርቡ ለእህቴ ልጅ የገዛሁት መጽሐፍ «ድመቷ ወተት ጠጣች» ይላል። ሥዕሉም ወተት የምትጠጣ ድመት ነው። በቃ። ወተቱ የማን ነው? ከበሩ ኋላ ማን አለ? ሥዕሉ ቃሉ ያላለውን አንድ ነገር ቢጨምር ምን ነበረበት? ግጥሙ ደግሞ ቤት የሚመታው «ነው»ን በየመስመሩ ጫፍ እየደረደረ ነው። የጻፈውም ያረመውም ሰው የልጆች ግጥም ተምሮ ቢሆን ኖሮ ይህ አያልፍም ነበር።

ጸሐፊው አንድ ነገር ላይ ልክ ናቸው። ባለ ቀለም መጽሐፍ ውድ ነው፣ የቤተ መጻሕፍት በጀትም ይታወቃል። ልቦለዱና ቅኔውም ይውጡ ያለ የለም፤ አራት አምስት ሳምንት ይበቃል። ለግጥሙማ መጽሐፍም አያስፈልግ። ተማሪዎች ክረምት ወደየአገራቸው ሲገቡ የሰፈራቸውን ሆያ ሆዬ በስልካቸው ቀርጸው ይምጡ። ግጥሙ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ትምህርት ሲከፈት ጎን ለጎን እያዳመጥን ምኑ እንደተጨመረ፣ ምኑ እንደቀረ እናያለን።

አንድ የሥነ ጽሑፍ መምህር፣
ከአዲስ አበባ