ካሊብሮህ እኔ ጋ ነው

ሰላም ቀጮ፣ እንዴት ከርመሃል? ልጆቹ ደህና ናቸው?

አውቃለሁ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ አሁን "እንዴት ከርመሃል" ስልህ ያሳፍራል። እማማ ሲያርፉ ሐዋሳ አልመጣሁም። ምክንያት አልደረድርልህም። የመጀመሪያውን ሳምንት ዛሬ ነገ ስል አለፈኝ፣ ከዚያ ወር ሆነ፣ ከዚያ ወዲያ ስምህን ስልኬ ላይ ባየሁ ቁጥር ምን እላለሁ እያልኩ መልሼ ኪሴ መክተት ለመደብኝ። ለቅሶ ያልደረሰ ሰው በምን አፉ ይደውላል? ስንት ጊዜ በእጃቸው ያጎረሱኝን ሰው። ነፍሳቸውን ይማር።

እንድጽፍልህ ያደረገኝ ግን፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ካሊብሮህ ነው። ያ ተውሼህ የቀረው የውፍረት መለኪያ። አሁን ቶርኖዬ አጠገብ ተቀምጧል። አዎ፣ ቶርኖ ገዛሁ፣ ብረት እያዞረ የሚቆርጥ የራሴ ማሽን! ትንሽ ነች፣ አሮጌ ነች፣ ሰርቪስ ክፍሉ ውስጥ ከጤፍ ጆንያ ጋር እየተጋፋች ትኖራለች። ከሰዓት ላይ ቆርቆሮው ሲግል ክፍሉ ምጣድ ነው። በሩን ስከፍተው ደግሞ የአዳማ ነፋስ አቧራውን ይዞ ይገባል፣ ታውቀዋለህ።

ባለፈው ወር እኛ ሰፈር ያለው እንጨት ቤት በር የሚቀርጽበት ሲኤንሲ፣ ያ በኮምፒውተር የሚታዘዘው ማሽን፣ ተበላሸበት። ቺንጋው፣ ማለት የጎማ ቀበቶው፣ የሚጠመጠምበት የአንዱ ፑሌጃ ጥርስ ተሸራርፏል። ባለ 30 ጥርስ ነው፣ አምስት ኤም የሚሉት ዓይነት፣ ከጥርስ ጥርስ 5 ሚሊ ሜትር። መርካቶ አስፈልጎ ያገኘው ሁሉ የጥርሱ ቁጥር ሌላ ነው። "አንተ አትሠራውም?" አለኝ። አፌ መቼ ዝም ይላል፣ "ምን ችግር አለው" አልኩት።

የወፍጮ ቤት ቺንጋ ቢሆን በግማሽ ቀን እገላገለው ነበር። እሱ ትንሽ ቢንሸራተት ዱቄቱ አይናገርም። ታይሚንግ ቺንጋ ግን ራሱም ጥርስ አለው፣ እያንዳንዱ ጥርስ ቦታው ላይ መግባት አለበት።

ሂሳቡ ቀላል መሰለኝ። 30 ጥርስ በ5 ሲባዛ ዙሪያው 150። ለፓይ አካፍለው፣ የክቡ ስፋት 47.75 ሚሊ ሜትር። ከቁራሌው የገዛሁትን ድፍን አሉሚኒየም ልክ 47.75 ላይ አወረድኩት። አሮጌውን ፑሌጃ በካሊብሮህ ስለካው 46.6 አለኝ። አሁን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። "ተበልቶ ነው" ብዬ አለፍኩት። ጭራሽ ካሊብሮህንም ተጠራጠርኩት፣ ስንት ዓመት የቆየ ዕቃ ነው ብዬ።

ጥርሱን መቁረጥ ሌላ ጣጣ ነው። ጥርስ የሚቆርጠው ማሽን፣ ፍሬዛ፣ የለኝም። ባለ 60 ጥርስ ማርሽ ከቶርኖዋ ዘንግ ኋላ አሰርኩና አንድ ጥርስ እየዘለልኩ በሹል ብረት ስቆልፈው 30 እኩል ቦታ ሰጠኝ። መቁረጫውን ጫፉን ክብ አድርጌ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ አስፍቼ ሳልኩት፣ በጎኑ አሰርኩት፣ ሞተሩን አጥፍቼ በእጄ ወደፊት ወደኋላ እየገፋሁ እንደ መላጊያ መላጥ ነው። በአንድ ግፊ አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር። ነጭ ጋዝ ትቀባለህ፣ ትገፋለህ። ጥልቀቱ ከ2 ሚሊ ሜትር ትንሽ ይበልጣል፣ ስለዚህ ለአንድ ጥርስ ሃያ ገደማ ግፊ፣ ለ30ው 600 ገደማ። መሃል ላይ መብራት ጠፋ፣ እኔ ግን ቀጠልኩ! ኮረብታው ላይ እነዚያ ነጫጭ የነፋስ ማመንጫዎች ይዞራሉ፣ አዳማ ሁለት ብቻውን 153 ሜጋ ዋት ነው፣ እኔ ታች ሆኜ በባትሪ ብርሃን በክንዴ እልጣለሁ።

ሲያልቅ ግን አማረ። አብረቀረቀ። ለባለቤቱ የጀግና አረማመድ ሄጄ ገጠምኩለት። በማግስቱ ጠርቶ በሩን አሳየኝ። መሃሉ ላይ የተቀረጸው መስቀል የላዩና የታቹ ግማሽ አይገናኝም፣ በ3 ሚሊ ሜትር ተላልፏል። ቺንጋው ጥርሶቹ ላይ እየወጣ ይዘላል። አንድ ጥርስ ሲዘል መቅረጫውን የሚገፋው እስክሩ አንድ ሠላሳኛ ዙር ይስታል። የሱ እስክሩ በአንድ ዙር 10 ሚሊ ሜትር ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ ዘጠኝ ዝላይ ማለት ያቺው 3 ሚሊ ሜትር ነች። ዋንዛ እንጨት ነበር፣ ሰውዬው ምንም አላለኝም፣ ቢሳደብ ይሻለኝ ነበር።

ማታ ቺንጋውን ጣቴ ላይ እየጠመጠምኩ ሳየው ገባኝ። መቀነትን በጋቢ ላይ ስትታጠቀው እኮ ወገብህን አይደለም የሚለካው። ቺንጋው ውስጥ የማይለጠጡ ክሮች አሉ፣ 5 ሚሊ ሜትሩ የሚቆጠረው እነሱ ላይ ነው። ክሮቹ ከብረቱ ጫፍ በላይ በግማሽ ሚሊ ሜትር ከፍ ብለው ይዞራሉ፣ በትክክል 0.57፣ በሁለቱም በኩል 1.14። ከ47.75 ላይ ቀንሰው። 46.6! ካሊብሮህ መጀመሪያውኑ ነግሮኛል። እኔ ያተረፍኳት ትንሽ ትመስላለች፣ ግን ዙሪያውን 3.6 ሚሊ ሜትር ትሆናለች፣ ቺንጋው ግማሽ ዙር ሲይዝ ብቻ 1.8። ታዲያ ጥርሱ የት ይግባ?

እንደገና 600 ግፊ። ሁለተኛው ሁለት ሳምንት ሠርቷል፣ አልዘለለም። የዋንዛውን ዋጋ ከፈልኩ፣ ትርፍ የሚባል ነገር የለም። አሁን ደግሞ ትንሹን፣ ባለ 15 ጥርሱን ሥራልኝ ብሎኛል። ውጩ 22.73 ወጥቶልኛል፣ እስቲ አንተም አስላው፣ ብቻዬን ማመን ትቻለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት እነሳለሁ። ካሊብሮውን ጠርጌ፣ ዘይት ቀብቼ ይዤልህ እመጣለሁ፣ ከዚያ በኋላ በምን እንደምለካ እንጃ። አሞራ ገደል ዓሳ እንበላለን ካልክም እሺ። መጀመሪያ ግን እማማ መቃብር ጋ ውሰደኝ።